ንጉሡ ሠ የጠፋ ዕለት

ሰው ሁሉ ፈትለወርቅን «ሬዲዮ ጠጋኟ» ይላታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሬዲዮማ ማንም ይጠግናል! እኔ ራሴ የአባቴን ሬዲዮ በጡጫ እየመታሁ ስንት ዘመን አናግሬዋለሁ። እሷ ያናገረችው ሬዲዮ አይደለም፤ ሰው ነው። እኔ መሪጌታ ይርዳው ያን ጊዜ ገና የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ነገሩ ሲሆን ከመነሻው እስከ መድረሻው አጠገቧ ስለነበርሁ የምናገረው በዐይኔ ያየሁትን ነው።

ፈትለወርቅ የአቶ ጥጋቡ ልጅ ናት። አቶ ጥጋቡ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከሚካኤል ደብር ግርጌ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ለደብሩ ቅርብ ስለሆነ ፈትለ ፊደል የቆጠረችው የኔታ ተክለ ማርያም ዘንድ ነው። የኔታ ትልቅ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪው ከስማዳም ከጋይንትም እየተነሣ ይጎርፍላቸዋል። እንዲያም ሆነው የመንደሩን ሕፃናት ፊደል ማስቆጠር አይንቁም ነበር።

ከሕፃናቱ ሁሉ አስቸጋሪዋ እሷ ነበረች አሉ። የሰጧትን ዝም ብላ አትቀበልም። አንድ ቀን ተነሥታ «የኔታ፣ ይኸኛው ሰ እያለ ያኛው ሠ ምን ያደርጋል? ድምፃቸው አንድ አይደል?» ብላ ጠየቀች። ሌላ መምህር ቢሆን አለንጋውን ያነሣ ነበር። የኔታ ግን ሳቁና ከሰል አንሥተው ጣውላ ላይ ሁለት ቃል ጻፉላት። በእኛ በቤተ ክህነቱ ትምህርት ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች እንዳይምታቱ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ አንዱ እሳት የሚጻፍበት እሳቱ ሰ ነው፣ ሌላው ንጉሥ የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ ነው። «ይኸውልሽ» አሏት። «በእሳቱ ሰ ሰረቀ ብለሽ ብትጽፊ ሌባ ነው። በንጉሡ ሠ ሠረቀ ብትዪ ግን በግእዝ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ጆሮ አይለያቸውም፣ ዐይን ይለያቸዋል። በይ ፀሐይን ሌባ እንዳታደርጊብኝ!» ይህን ታሪክ የኔታ ለእኛም ስንት ጊዜ አጫውተውናል፤ በተረኩት ቁጥር ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

ፈትለ ከዚያ አስኳላ ገባች፤ ደብረ ታቦር ሄዳ ኤሌክትሮኒክስ ተማረችና መካነ ኢየሱስ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ሞባይል፣ ሬዲዮ፣ ቴፕ ትሠራለች። ምላሷ ግን እሳት ነው። «እስቲ ዝም ብለሽ ነካ ነካ አድርጊው» ያላትን ደንበኛ «ነካ ነካ የሚያደርጉት ድመት ነው፤ ይዘህልኝ ሂድ!» ብላ ስታባርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ከእሷ ወዲያ የት ይሄዳል?

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የኔታ ማኅሌት እንደ ቆሙ ወደቁ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወስደናቸው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ ምላሳቸውም ታሰረ። ሐኪሙ «አእምሯቸው ደኅና ነው፤ የምትሉትን ሁሉ ይሰማሉ» አለን። ግራ እጃቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ እስክርቢቶ ቢያስይዟቸው ግን መስመር እንኳ መያዝ አልሆነላቸውም። ያ ሲናገር ሰው ትንፋሹን የሚውጥላቸው ሰውዬ መደብ ላይ ተደግፈው ጣራ ጣራውን ማየት ሆነ ሥራቸው። አለቀስሁ። ምን እዋሻለሁ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስሁት።

ቅኔ ደግሞ ከመጽሐፍ የሚቀዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ቀን ጥሻ ለጥሻ ተጋድሞ የቆጠረውን፣ ማለት በልቡ ያበጀውን ቅኔ፣ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ያማረ ከሆነ «ይበል!» ይለዋል። ያቺን «ይበል» ለመስማት ነው ሰው ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ዓመታት የሚቀመጠው። እኔ የጉባኤው አስነጋሪ፣ ማለት ታናናሾቹን የማለማምድ የበላይ ተማሪ ነበርሁ፤ መምህር ግን አልነበርሁም። ተማሪዎቹ እኔን ብለው አልመጡም። ሀብቴ የሚባል የጋይንት ልጅ፣ ከሁሉም ብርቱው፣ «እስከ ቅበላ እንጠብቅ። የኔታ ቃል ካላወጡ ጾሙ ሳይገባ ወደ ጎጃም እንሻገራለን» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ጉባኤው ከተፈታ የኔታ በሕይወታቸው እንደ ሞቱ ቁጠሩት። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሐኪሙ ይሰማሉ ብሎ የለ!

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ሰቅለን እኔ በበትር ፊደሉን እያሳየሁ እሄዳለሁ፤ የፈለጉት ላይ ስደርስ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ችግሩ እኔ ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን «ው» ላይ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ውኃ!» ብዬ በሩጫ ቅሉን ይዤ መጣሁ፤ ጉንጫቸውን አራስሁት። ዳግመኛ «ው» ላይ ጨፈኑ። «እንዴ፣ አልጠጡም እኮ!» ብዬ ጨመርሁላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ላቀች ናቸው ገብቷቸው «አንተ ልጅ፣ ውጡ እያሉህ እኮ ነው!» ያሉኝ።

ፈትለ ያን ዕለት ልትጠይቃቸው መጥታ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ወደ ውጭ ጎትታ አወጣችኝ።

«ይርዳው፣ ምላሳቸውን በሽታ ወሰደው፤ የቀረውን ቃላቸውን ደግሞ አንተ እየቀማሃቸው ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ታውቂ የለ፣ ጠግኛቸዋ!» አልኋት ተናድጄ።

  በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄዳ ተመለሰች። እዚያ ቤተልሔም የምትባል አብራት የተማረች ጓደኛ አለቻት፤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ከእሷ ተውሳ ያመጣችው መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አዲስ ዕቃ መሥራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሞክርባት ሰሌዳ ናት አለችኝ፤ እነሱ ቦርድ ይሏታል። መሐሏ ላይ እንደ ትኋን ብዙ እግር ያለው ጥቁር ነገር አለ፤ ጥግ ጥጓ ላይ ሽንብራ የማይሞሉ መብራቶች፣ የሽቦ ጥርሶችና ሁለት ሁለት ጥርስ የሚያገናኝ ትንሽ የላስቲክ ቆብ አለ። «ይቺ ትናገራለች?» አልኋት። «አትናገርም፣ ታናግራለች» አለችኝ።

እኔ ከትምህርት ሰዓት ስወጣ ሱቋ እየሄድሁ አጠገቧ እቀመጥ ጀመር። ቆቡን ከአንዱ ጥርስ ነቅላ በሌላው ላይ አደረገችው፤ ቦርዷ መብራት ከኮምፒውተሩ እንድትወስድ ነው። ከሱቋ የሞባይል ቻርጀር ገመድ አንሥታ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘቻት። ቦርዷ በራች። እሰይ ብዬ ልዘል ስል ፊቷን አየሁት፤ ጠቁሯል። ኮምፒውተሩ ነገሬ አላላትም። ስንት ነገር ፈታች፣ ስንት ነገር መለሰች። በመጨረሻ ገመዱን ቀድዳ ብታየው ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ መብራት ያሻግራል፣ ወሬ አያሻግርም። በአገራችን ማን ገመድ ለወሬ ገዝቶ ያውቃል? ሁሉም ለቻርጅ ነው። «የራሴን ገበያ ዕቃ ረስቼ!» ብላ ራሷን ሰደበች፤ አሮጌ የፕሪንተር ገመድ ፈልጋ ሰካች።

አሁን ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ፤ ግን «ያልታወቀ ዕቃ» ብሎ ጻፈ።

«ምን ማለቱ ነው? ያወቀውማ ምኑን ነው?» አልሁ።

«ስማ» አለችኝ። «ሰው ቤት ስትሄድ ደጅ ቆመህ ‹ቤቶች!› ትል የለ? ቦርዷ ስትሰካ እንደዚያ ነው የምትል። ባለቤቱ ‹ማነው?› ይላታል። ከዚያ ስሟን፣ ከማን ወገን እንደሆነች፣ ለምን እንደመጣች፣ ሁሉን በሥርዓቱ መናገር አለባት። ‹እኔ ነኝ› ብላ ዝም ካለች ማን በሩን ይከፍትላታል?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትናገረውን የጻፍሽላት?»

«እኔ ነኝ። ይህን ያህል እናገራለሁ ብላ ትጀምርና ካለችው አሳጥራ ታቆማለች። እሱም ይጠብቅ ይጠብቅና ይዘጋባታል።»

«ቤት አልመታማ!» አልኋት። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ምጣኔው ከጎደለ ሐሳቡ ቢያምር እንኳ አያልፍም። ፈትለ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች እየቆጠረች ወረደች፤ የጎደለውን አግኝታ ሞላችው። ስትሰካው ኮምፒውተሩ ቲንግ አለ። ቦርዷን ኪቦርድ፣ ማለት የፊደል መጻፊያ ናት ብሎ ተቀበላት። ወይ የሚካኤል ያለህ! እኔ ተነሥቼ አሸበሸብሁ፤ የመናኸሪያው ሰው ያበድሁ መስሎት በመስኮት ያየኝ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ኋላ የነገረችኝ ነው። ዕቃው ለካ በሩ ከተከፈተለት በኋላ እንኳ በራሱ አፍ አይከፍትም። ኮምፒውተሩ ነው ሁልጊዜ «የምትለው አለ?» እያለ የሚጠይቀው። «ገና ነው» ይለዋል። መልሶ ይጠይቀዋል። «ገና ነው» ይለዋል። ኮምፒውተሩ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ገምቶ አይሞላበትም። እኔ ሦስተኛው ላይ ነው የምጮኽ! ለየኔታ ያስፈለጋቸው ይኸው ነበር፤ እስኪጨርሱ የሚጠብቃቸው ሰሚ። ይህን ያሰበች እሷ ናት፤ ያኔ ነው ከልቤ ያደነቅኋት።

ከዋንዛ እንጨት ሳጥን አሠራች፤ ቦርዷን ውስጡ ከትታ ላዩ ላይ የበር ደወል ቁልፎችን ደረደረች። አንዱ ትልቁ ፊደል የሚያስኬድ ነው፤ ተጭነው ሲይዙት ስክሪኑ ላይ ሀ፣ ለ እያለ በዝግታ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ከሥሩ ያሉት ሰባቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ናቸው፤ የቆመውን ፊደል ካዕብ ወይም ሳልስ ያደርጉታል። ዳር ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ቃል ከቃል ትለያለች። ለግራ እጅ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል።

በቅበላ ሳምንት ይዛው መጣች። ሀብቴና ጓደኞቹ ጠዋቱን ስልቻቸውን ቋጥረው ጨርሰዋል፤ ስንብት ብለው ነው ጉባኤ ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት። ወይዘሮ ላቀች የኔታን በትራስ ደገፏቸው። ሳጥኑ ጭናቸው ላይ፣ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ሆነ። ፈትለ አሠራሩን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ዐይናቸው ሲበራ አየሁ፤ ገብቷቸዋል። ግራ እጃቸው ሄዳ ትልቁን ቁልፍ ተጫነች። ሀ፣ ለ፣ መ። ለቀቁት። ስክሪኑን አዩና እንደገና ተጫኑ። ፊደሉ ዞሮ እስኪመለስ ይዘው ለቀቁት። ደግሞ ተጫኑ፣ ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ለቀቁ። አንድ ፊደል እንኳ ሳይመርጡ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። በመጨረሻ ሳጥኑን በእጃቸው ጀርባ ገፉት፤ ወይዘሮ ላቀች ባይቀልቡት ኖሮ ወድቆ ነበር። የየኔታ ዐይን እንባ ሞላ።

 ሀብቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፊደል ጠፍቷቸዋል» አለ።

ያቺ ቃል እንዴት እንደቆረጠችኝ! ያን ሁሉ ሊቅ ያፈሩ ሰው ሀሁ ጠፋቸው። ሀብቴ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እሱም እያለቀሰ ነበር የተናገረ። ግን ስልቻውን ትከሻው ላይ አደረገ። ሌሎቹም ተነሡ። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ ተስፋዬ ሁሉ ተሟጦ ነበር።

ፈትለ ግን ማንንም ዞራ አላየችም። ሳጥኑን መልሳ ጭናቸው ላይ አኖረችና «የኔታ፣ አፈር ልሁንልዎ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» አለች። ሰዉ ሁሉ ፊታቸውን ሲያይ እሷ ጣታቸውን ነበር የምታየው። ተጫኑ። ሀ፣ ለ፣ መ፤ እዚህ ላይ ጣታቸው ቀጣዩን ልትይዝ ብድግ አለች። ስክሪኑ ግን ረ ላይ ደርሶ ቆሟል።

«ይርዳው!» አለች ሳትዞር። «ከመ ቀጥሎ ማነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በዚህ ሰዓት...»

«ማነው ነው የምልህ!»

«ሠ ነዋ!»

«የትኛው?»

«ንጉሡ ነዋ! እሳቱማ ከረ በኋላ ነው።»

ግንባሯን በመዳፏ መታች፤ ጯ ብሎ ተሰማ። «ገደልኋቸው!» አለች። ለካስ ለጣታቸው አዝና፣ ብዙ እንዳይጫኑ ብላ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች አስወጥታ አንድ አንዱን ብቻ ትታለች። ለከተማ ሰው ቢሆን ማንም አያውቅባትም ነበር። «የኔታ፣ ፊደል ጎድሎብዎ ነው?» አለቻቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ። አጥብቀው ነው የጨፈኑት።

ያን ጊዜ ተነሥታ ወደ በሩ ዞረች። «ወዴት ነው? ቁጭ በሉ!» ብላ ጮኸችባቸው። «የሳቸው አእምሮ አልጠፋም፤ የጠፋው ንጉሡ ነው! ያጠፋሁትም እኔ ነኝ!»

መሬት ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ባትሪው ቀይ አሳይቷል፤ ደብሩ መብራት የለው፣ የት ይሰካል? «የጎደሉትን ፊደሎች ጥራልኝ፤ አንድም እንዳታስቀር» አለችኝ። ጠራሁላት። «ሐመሩ ሐ!» ጻፈች። «ንጉሡ ሠ!» ጻፈች። «ብዙኃኑ ኀ!» ስል አንዱ ተማሪ ከኋላ አብሮኝ አለ፤ «ዐይኑ ዐ!» ስል ብዙዎቹ አሉ፤ «ፀሐዩ ፀ!» ላይ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ጮኸ። ሀብቴ ብቻ ስልቻውን እንደተሸከመ በሩን ተደግፎ ቀረ። የጻፈችውን ወደ ቦርዷ አሳለፈችና ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካች። ቲንግ አለ።

የኔታ ተጫኑ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፤ ለቀቁት። ንጉሡ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አለፉትና ወደ እሳቱ ሰ ሄደው መጻፍ ጀመሩ። አንዲት ፊደል፣ ደግሞ አንዲት ፊደል። እኔ ልገምት አፌን ስከፍት ፈትለ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት። ቃሉ ሲያልቅ ለጉባኤው ጮክ ብዬ አነበብሁ፦

«ሰረቀችኝ።»

ሁሉም ፈትለን አየ። እሷ አንገቷን ደፋች። የኔታ አላቆሙም። «ብዬ ነበር» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ለመጨረሻው ቃል ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ጣታቸው በቦታዋ ብድግ አለች። ቃሉ ሲሞላ አነበብሁት፤

«ሰረቀችኝ ብዬ ነበር፤ ሠረቀችልኝ።»

ከኋላ ማንም አልገባውም። በጆሮ ምን ይለያል? ሀብቴ «ለሳቸው ደግሞ ምን ሰርቃ ሰጠቻቸው?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁት። እኔም መሳቅ አቅቶኝ፣ መናገርም አቅቶኝ፣ በጣቴ ብቻ ና ብዬ ጠራሁት። መጥቶ ጎንበስ አለና ስክሪኑን አየ። ያችን ንጉሡ ሠ አያት፤ ሌባ ያሏት ፀሐይ ሆና ወጥታላቸዋለች። በደኅናው ዘመናቸው ቢሆን ይህን በአፋቸው ሊሉት አይችሉም ነበር፤ በዐይን ብቻ የሚሰማ ቅኔ ነው። የሀብቴ ስልቻ ከትከሻው ወርዶ መሬት ላይ ዷ አለ።

«ይበል!» አለ። እየተጋፉ መጥተው አዩ፤ «ይበል! ይበል!» ቤቱ ተናወጠ።

ፈትለ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስክሪኑን እያየች ነበር። ያን የከሰል ጽሑፍ አልረሳችውም፤ እሳቸውም አልረሱት። ጉልበታቸውን ሳመችና እንባዋ እየወረደ «የኔታ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ የቀረዎት ካለ ቶሎ ይበሉ» አለቻቸው።

የኔታ ተጫኑ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፤ «ሀብቴ ንገር» የሚል ነበር።

ሀብቴ እግራቸው ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ መንገር ጀመረ።